ቅዳሜና እሁድን ከሬዲዮ ጋር፦ ስለ አማተር ሬዲዮ ውድድር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከጣሪያዬ እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ የተዘረጋውን ሽቦ አይቶ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ልብስ ማስጫ የመሰላቸውም አሉ። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻለኛል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፦ እኔ አዳማጭ ነኝ። የማሰራጨት ፈቃድ የለኝም፤ ስለ ማሰራጨት የማውቀው ፈቃድ ካለው ወዳጄ አጠገብ ተቀምጬ ካየሁትና ከደንቦቹ ነው።

ለመሆኑ ውድድሩ ምንድን ነው?

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በሬዲዮ የሚገናኙበት ነገር ነው። ከመንግሥታቸው የጥሪ ምልክት ይሰጣቸዋል። እንደ መኪና ታርጋ አስቡት። የኢትዮጵያው በኢቲ ይጀምራል።

ውድድሩ ቀላል ነው። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ከቻልከው ያህል ብዙ ጣቢያና ብዙ አገር ጋር ተገናኝ፣ መዝግብ፣ ላክ። ትልቁ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ይባላል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። 48 ሰዓት ሙሉ ይዘልቃል። ጥቅምት ላይ በድምፅ፣ ኅዳር ላይ በሞርስ፣ ማለትም በነጥብና በሰረዝ ኮድ።

በሌላው ጊዜ ጸጥ ያለው ባንድ (አማተሮች የሚገናኙበት የሞገድ ክልል፤ በሞገዱ ርዝመት በሜትር ይጠራል) በዚያ ቅዳሜና እሁድ የመርካቶ ግርግር ይሆናል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሬዲዮዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ጎጃም ሆኜ ማን ይሰማኛል? እኛ ሩቅ አይደለንም እንዴ?

በዚህ ጨዋታ ሩቅ መሆን ሀብት ነው። ለውድድሩ ዓለም በ40 ዞኖች ተከፍላለች። እኛ ያለንበት 37ኛው ነው፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክም አብረውን አሉ። ጀርመንና ጣሊያን ውስጥ በየሰፈሩ አማተር ሞልቷል። ከኢትዮጵያ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ የኢቲ ጣቢያ ድምፁን ካሰማ እሱ ማንንም መፈለግ የለበትም፤ ዓለም እሱን ይፈልገዋል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይጠራዋል። ግርግሩን ፓይል አፕ ይሉታል። አዲስ የመጣ እህል ገበያ ላይ ሲራገፍ ነጋዴው ሁሉ "እኔ፣ እኔ" እንደሚለው ነው። ወዳጄ በጆሮ ማዳመጫው ሲያሰማኝ አንድም ቃል መለየት አልቻልኩም። እሱ ግን ከመሃል ሁለት ፊደል ለቀም አድርጎ ይይዛል። ሁለቱን ፊደል መልሶ ይጠራል። የነዚያ ፊደሎች ባለቤት ብቻውን ይመልሳል፤ ሌላው ዝም ይላል። ዝም የሚለው ጨዋ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ጮቄ ተራራ አይጋርደውም?

ይህን የጠየቀኝ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ስለዚህ አትፈሩ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚነጥርበት የላይኛው አየር ግን በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ነጥሮ፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። ተራራው ግርጌ ላይ ካልተለጠፋችሁ በቀር ግድ የለም። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ሁሉም ደህና ናቸው። መጥፎው ቦታ ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ገደል ለገደል ሬዲዮ የሚሞክር ሰው ካለ ትዕግሥቱን አደንቃለሁ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለማሰራጨት፣ አዎ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማሰራጫ ከውጭ ለማስመጣትም ቢሆን መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ። "ዘመዴ በሻንጣ ይዞልኝ ይመጣል" የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ ዘመዳችሁም ይቀየማችኋል።

የሚያዋጣው መንገድ ክለብ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። የጥሪ ምልክቱ ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ መምህሮቻችሁን ስለ ክለብ ጎትጉቱ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሞልቷል።

ፈቃድ የለኝም። ታዲያ ምን ልሠራ?

እንደ እኔ ስሙ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ጥሩ ተወዳዳሪ የሚባለው አፉ የፈጠነ ሳይሆን ጆሮው የሰላ ነው። አምስት ውድድር በጆሮው የተከታተለ ሰው ማይክሮፎን የያዘ ቀን አይደነግጥም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። የሰማሁትን የጥሪ ምልክት፣ ሰዓቱን፣ ባንዱንና የሰጠውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጤቴን ልክ እንደተገናኘሁ አድርጌ አሰላለሁ። የምወዳደረው ካለፈው ዓመት ደብተሬ ጋር ነው። አምና ይህን ያህል አገር ሰማሁ፣ ዘንድሮስ?

በይፋ መመዝገብ ለሚፈልግም በር አለ። አንዳንድ ውድድሮች ለአዳማጮች የተለየ ምድብ አላቸው። መጋቢት ላይ የሚደረገው የሩሲያ ዲኤክስ ውድድር አንዱ ነው። ሲኪው ወርልድ ዋይድ ግን ለተገናኙ ብቻ ነው።

ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?

ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነው።

የውድድር ሰዓት ሁሉ የሚነገረው በዩቲሲ ነው፤ በድሮ ስሙ የግሪንዊች ሰዓት። ደንቡ "ቅዳሜ 00:00" ይላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቆጠርኩና ቆጠርኩና "ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት" አልኩ። ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ተኛሁ፤ ለሌሊቱ ጉልበት ላጠራቅም ብዬ። ሌሊት ተነሥቼ ሬዲዮውን ብከፍት ሰዉ ሁሉ ድምፁ ሰልሏል። ውድድሩ ከተጀመረ አንድ ቀን ሙሉ አልፎታል! ትክክለኛው አባባል "ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት" ነበር። ዓርብ ተኝታችሁ ሳይነጋ የምትነሡበት ሌሊት ማለት ነው። የሚያልቀው ደግሞ ለሰኞ አጥቢያ፣ ያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ፈረንጆቹ ሰዓት ሲቀይሩ ይደናበራሉ፤ ለኛ ግን ስሌቱ ያምራል። በኛ አቆጣጠር ቀን ከሆነ 3 ደምሩ፤ አበቃ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በዩቲሲ 04 ነው። ቀን 6 ሰዓት 09 ነው። ቀን 9 ሰዓት 12 ነው። ማታና ሌሊት ከሆነ 3 ደምራችሁ 12 ጨምሩበት። ምሽት 1 ሰዓት 16 ይሆናል። ሌሊት 6 ሰዓት 21 ይሆናል። ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ፤ ሌሊት 10 ሰዓት 25 ይመጣና 01 ይሆናል።

ስለዚህ ዩቲሲ ቀኑን የሚቀይረው በኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ደብተራችሁ ላይ ቀን መቀየር እንዳትረሱ። እኔ አሁን ለሬዲዮው ብቻ አንዲት ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ሰቅያለሁ፤ ከኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ቀድማ ትሄዳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ሰዓትህ ተሳስቷል" ይለኛል። ትቼዋለሁ።

በኛ ካላንደር ትልልቆቹ ውድድሮች መቼ ናቸው?

የሲኪው ወርልድ ዋይድ የድምፁ ውድድር በፈረንጆች ኦክቶበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ነው። በኛ ከጥቅምት 14 እስከ 21 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ አንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ፈቀቅ ይላል። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱ ገና አልከረረም። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

የሞርሱ ከኅዳር 14 እስከ 21 ባለው ውስጥ ነው። የነቢያት ጾም የሚገባበት ሰሞን ነው። አንዳንዴ እሁዱ ኅዳር ጽዮን ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር የምገጥመውን ክርክር መገመት ትችላላችሁ።

ሌላው ወርልድ ዋይድ ሳይሆን ደብሊው ፒኤክስ የሚባለው ነው። ስሙ ይምታታል፤ አትጨነቁ። የድምፁ መጋቢት አጋማሽ አልፎ ነው። አንድ ቀን ከባሕረ ሐሳቡ ጋር ሳስተያየው የገረመኝ ነገር አለ፦ በኛ ዘመን ይህ ውድድር ከዐቢይ ጾም ፈጽሞ አያመልጥም። ፋሲካ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያ ቅዳሜና እሁድ ጾሙ ውስጥ ነው። ስንቁን ከወዲሁ እወቁት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዓለም አቀፉ አማተር ሬዲዮ ኅብረት ውድድር አለ። እሱ 24 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ በኛ ቀን 9 ሰዓት ጀምሮ እሁድ ቀን 9 ሰዓት ያልቃል። እዚያ ላይ የሚጠሩት የዞን ቁጥር ይለያል፤ ኢትዮጵያ 48 ነች። ችግሩ ሐምሌ መሆኑ ነው። የጎጃም ሐምሌ ከነጎድጓዱ ጋር ሬዲዮ ውስጥ ሲገባ ቆሎ በምጣድ ላይ የሚንጣጣ ነው የሚመስለው። መብረቅ ሲቀርብ ውድድሩን ትታችሁ ሽቦውን ከሬዲዮው ንቀሉ፤ ከቤትም አውጡት። ይህን ቀልድ አታድርጉት።

ሲገናኙ ምን ይባባላሉ?

በጣም ጥቂት። አንዱ "ሲኪው ኮንቴስት" እያለ ይጣራል። ሌላው የጥሪ ምልክቱን ይናገራል። የመጀመሪያው ያንን ምልክት መልሶ ጠርቶ "ፋይቭ ናይን" ይልና የዞኑን ቁጥር ይሰጣል። ሁለተኛውም የራሱን ይሰጣል። "ታንክ ዩ።" አለቀ። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ይህ መወድስ አይደለም፣ ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ከዚያ ቀጣይ።

ከኢትዮጵያ የሚወዳደር ሰው "ፋይቭ ናይን ሰርቲ ሰቨን" ይላል። 59 ማለት "በጥራትም በጉልበትም ጥሩ ትሰማለህ" ነው። የሚያስቀው፣ በደንብ ባይሰማም 59 ነው የሚባለው። "ሦስቴ ድገምልኝ" ብሎ አስደግሞ፣ አሁንም በግድ ሰምቶ፣ 59 ይለዋል። እኛ እንደምን አደርክ ስንባል ራሳችንን እያመመን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" እንደምንለው ነው። ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይደለም። እውነተኛው መረጃ ከ59 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ እሱን አጥርታችሁ ስሙ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ያስቸግረኛል?

አያስቸግርም። የሚያስፈልጋችሁ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ ቁጥሮችና የፊደል መጥሪያዎቹ ናቸው። ኢ ለማለት ኤኮ፣ ቲ ለማለት ታንጎ ይባላል። ኢቲ ማለት እንግዲህ "ኤኮ ታንጎ" ነው። 26ቱን አጥኑ። ጃፓኑም ብራዚሉም ከዚህ የዘለለ እንግሊዝኛ አያወራም። እኔ ያጠናሁት ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስመላለስ የመኪና ታርጋ እያነበብኩ ነው።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

በሲኪው ወርልድ ዋይድ ከሌላ አህጉር ጣቢያ ጋር መገናኘት 3 ነጥብ ነው። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ካለ ሌላ አገር ጋር 1 ነጥብ። ከራሳችሁ አገር ጣቢያ ጋር 0 ነጥብ፤ ግን ዞኑና አገሩ ይቆጠርላችኋል። በየባንዱ ያገኛችኋቸው አዳዲስ ዞኖችና አገሮች ተደምረው ማባዣ ይሆናሉ።

በምሳሌ ልየው። በአንድ ባንድ ላይ 100 የአውሮፓና የእስያ ጣቢያ አገኛችሁ እንበል፤ 300 ነጥብ። 10 የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ጨመራችሁ፤ 310። ከነዚህ ውስጥ 12 ዞንና 30 አገር ካለ ማባዣው 42 ነው። 310 በ42 ሲባዛ 13,020። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ማባዣው ላይ ነው። መቶኛውን ጣሊያናዊ ከመጨመር አንድ አዲስ አገር መፈለግ ይበልጣል። ከአንድ ጣቢያ ጋር በአንድ ባንድ መገናኘት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባንድ ቀይራችሁ ግን እንደገና ይቻላል።

የጥሪ ምልክት አሳስቶ የጻፈ ሰው ግንኙነቱ ይሰረዛል፤ በላዩ ላይ ቅጣት አለው። ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አስደግሙ። ማስደገም ነውር አይደለም።

ለመስማት ምን ዓይነት ሬዲዮ ልግዛ?

ሱቅ የሚሸጠው ተራ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ቢኖረውም አይበቃም። አማተሮች የሚናገሩት ኤስ ኤስ ቢ በሚባል ዘዴ ነው። በተራው ሬዲዮ ሲሰማ አፍንጫውን ይዞ የሚያጉረመርም ሰው ይመስላል። ሬዲዮው ላይ "ኤስ ኤስ ቢ" የሚል ቁልፍ መኖሩን ሳታዩ ብር አታውጡ። እንደ ቴክሰን ፒኤል 330 ያሉ በኪስ የሚገቡም አላቸው። ቁልፉን ለ40፣ 80 እና 160 ሜትር ባንዶች ኤልኤስቢ ላይ፣ ለ20፣ 15 እና 10 ሜትር ዩኤስቢ ላይ አድርጉ። ይህን ቁልፍ አዛብቶ "ምንም አይሰማም" የሚለኝ ሰው በየጊዜው አለ።

ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ሬዲዮም አያስፈልግ። የኔዘርላንዱ ትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው በድረ ገጽ የሚከፍተው መቀበያ አለው። ለመለማመጃ ግሩም ነው። ግን የምትሰሙት ኔዘርላንድ የሚሰማውን ነው፤ የጎጃምን ሰማይ አይደለም። ለኔ ደስታው ግማሽ ይሆንብኛል።

አንቴናውስ? ገንዘብ የለኝም።

አገራችን ባሕር ዛፍ የሞላበት አገር ነው፤ ስለ አንቴና ምሰሶ እናንተ አታስቡ። ሁለት ረጃጅም አጠና ተክሉ። ከ10 እስከ 15 ሜትር የሆነ የመብራት ሽቦ በመካከላቸው ወጥሩ። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ ጫፉን በሃይላንድ ጠርሙስ አንገት አስራችሁ፣ ከዚያ በሲባጎ ወደ ምሰሶው ሳቡት። ለመስማት ይህ ይበቃል።

ለማሰራጨት ግን ልኩ ወሳኝ ነው። ቀላሉ ዳይፖል ነው፤ ከመሃል የተቆረጠ ሁለት ክንፍ ያለው ሽቦ። 143ን ለፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ አካፍሉ፤ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ 5 ሜትር። ለ7.1 ደግሞ 20 ሜትር ገደማ። አውሮፓ ከኛ ወደ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ሽቦውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብትዘረጉት ጎኑን ለአውሮፓ ይሰጣል።

የመብራት ኃይል ሽቦ አጠገብ ግን በፍጹም። ነፋስ አጠናውን ቢጥለው የማይደርስበትን ርቀት ለኩ። ደግሞም ባሕር ዛፍ ይወዛወዛል፤ ሽቦውን ላላ አድርጉት። የኔ ሁለቴ ተበጥሷል።

በየትኛው ሰዓት የትኛውን ባንድ ልክፈት?

ውድድር የሚካሄድባቸው ስድስት ባንዶች ናቸው፦ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር። በሌሎቹ ላይ አትፈልጉ፤ ከውድድር ነፃ ተብለው የተተዉ ናቸው።

እንዲህ አድርጌ ነው የምውለው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲጀመር 40 ሜትር ላይ ነኝ፤ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ። አውሮፓ ጥርት ብሎ ይገባል። ሊነጋጋ ሲል 80ን እሞክራለሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ 15 ሜትር እወጣለሁ፤ 21 ሜጋኸርዝ። ጠዋት ላይ እስያ ጥሩ ነው፤ ጃፓኖቹን በትሕትናቸው ትለዩዋቸዋላችሁ። ረፋዱ ላይ 10 ሜትር፤ ፀሐይ ጉልበት ባላት ዓመታት ይህ ባንድ ያብዳል። ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ አሜሪካኖቹ ይነቃሉ። ማታ 20 ሜትር፣ ሲመሽ መልሶ 40።

ፀሐይ ጉልበት ባላት ዓመታት ያልኩት በምክንያት ነው። የፀሐይ ነጠብጣብ በ11 ዓመት ገደማ ይበዛና ይቀንሳል። የአሁኑ ዑደት ጫፉን የነካው በ2024 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ 10 ሜትር እየተኛ ይሄዳል፤ 40 እና 20 ግን ሁልጊዜ አሉ።

የኛ ሰማይ የራሱ ጠባይም አለው። የመሬት መግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። ስለዚህ ከመሸ በኋላ አንዳንዴ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ውኃ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሬዲዮው አልተበላሸም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን የላይኛውን አየር የሚያጠና ዋሸራ የሚባል ቤተ ሙከራ አለው። ስሙን ከቅኔ ቤቱ መውሰዳቸው ደስ ይለኛል።

መብራት ቢጠፋስ?

እንደ አዳማጭ ከጠየቃችሁኝ፣ እሰየው! የሰፈሩ ቻርጀር፣ ርካሽ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ስታብላይዘር ሁሉ ሬዲዮ ውስጥ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ጩኸቱ ይሞታል፤ ቀድሞ ያልነበሩ ጣቢያዎች ብቅ ይላሉ። ጎረቤቶቼ በመብራት ኃይል ሲያማርሩ እኔ በልቤ ደስ ይለኛል። አትንገሩብኝ።

ለሚያሰራጭ ግን ሌላ ነው። 100 ዋት ሬዲዮ ሲናገር እስከ 20 አምፒር ይጎትታል፤ ሲሰማ 1 አምፒር ገደማ ይበቃዋል። ባትሪና ሶላር ከሌለ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። ኪው አር ፒ የሚባል የራሱ ምድብ አለ፤ በ5 ዋት ብቻ የሚወዳደሩ ናቸው። ለኛ አገር ያ ምድብ የተፈጠረ ይመስለኛል።

ሰው ቢጠረጥረኝስ?

ይጠረጥራል። ሌሊት 9 ሰዓት በባዕድ ቋንቋ የሚያወራ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ማንም ይጠረጥራል። ስለዚህ ሽቦውን ከመስቀላችሁ በፊት ለጎረቤትም ለቀበሌም ንገሩ። ቤታችሁ አስገብታችሁ አሰሙ። እኔ ሰፈሩን ያሸነፍኩት አንድ ቅዳሜ አዛውንቶቹን ቡና ጠርቼ ነው። አንዱ አባት ጃፓኑን ሰምተው "ይኸ ሰው አሁን እዚያው ነው?" አሉኝ። አዎ፣ አሁን፣ እዚያው ነው። ዝም ብለው ቆዩና "እኛን ይሰማናል?" አሉ። አይሰማንም አባባ፣ ፈቃድ የለኝም። "ታዲያ አውጣ እንጂ!"

ጸጥታው በደፈረሰ ጊዜ ግን ሽቦውን አውርዱ። ውድድር በየዓመቱ አለ። ሬዲዮና ሽቦ አይቶ የሚደነግጥን ሰው በደንብ ማስረዳት አይቻልም።

48 ሰዓት ሳይተኙ ይቻላል?

የሚችሉ አሉ። እኔ አልችልም፤ አልመክርም። ቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትንሽ ጋደም፣ ማታ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ድርግም ያለ እንቅልፍ፤ ለኔ ይበቃል። በደብሊው ፒኤክስ ብቻውን የሚወዳደር ሰው ከ48ቱ 36 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ደንቡ ራሱ አስተኝቶታል።

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ቴርሞስ ሙሉ ሻይ። የበሶ ጥቅሙ በአንድ እጅ መጠጣቱ ነው፤ ሌላው እጅ እርሳስ ይዟል። ቆሎ ግን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ አይቆረጠምም። ከራስ ቅል ውስጥ ወፍጮ ይከፈታል። ጠላና አረቄ ከሰኞ በኋላ።

ሌላም ነገር፤ ሌሊት 9 ሰዓት ስነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ይከፈታል። እማዬ ኮቴዬን ሰምታ "ልጄ ለማሕሌት ተነሣ" ብላ ለጎረቤት አውርታልኝ ነበር። እውነቱን የነገርኳት ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው። አሁን እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሄጄ ከመጣሁ በኋላ ነው የምቀጥለው። የቤቱ ስምምነት ይህ ነው።

ሎጉ (የግንኙነቶቹ መዝገብ) በምን ይላካል?

በኮምፒዩተር ከሆነ ኤን 1 ኤም ኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የተደገመ ጣቢያ ሲመጣ ያስጠነቅቃል። ሲጨርስ ካብሪሎ የሚባል ፋይል ያወጣል። እሱ በድረ ገጽ ይላካል። ለሲኪው ወርልድ ዋይድ ውድድሩ ባለቀ በ5 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ለውድድሩ ራሱ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ለመላኩ ግን ያስፈልጋል። ኔትወርክ ከሌለ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ የሚሄድ ሰው ይያዝ።

ሽልማት አለው? ገንዘብ?

ገንዘብ የለውም። ወረቀትና ለጥቂቶች ዋንጫ። ቀጣዩ ጥያቄ።

ሞርስ መማር ግዴታ ነው?

አይደለም። ግን ድምፅ በማያልፍበት ደካማ ሞገድ ሞርስ ያልፋል። ፊደሎቹን በነጥብና በሰረዝ ሳይሆን በዜማ አጥኑ፤ ለዜማ እዚህ አገር ማን ያስተምረናል?

የሰማሁትን ጣቢያ መስማቴን ላሳውቀው?

አሳውቁት። ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ባንዱንና ያኔ ከማን ጋር ሲገናኝ እንደነበር ጽፋችሁ ላኩለት። ከማን ጋር እንደነበር መጻፉ መስማታችሁን ያረጋግጣል። ብዙዎቹ በምላሹ ኪው ኤስ ኤል የሚባል ፖስት ካርድ ይልካሉ። የኔ የመጀመሪያው በፖስታ ሣጥን ቁጥር የመጣው ወራት ቆይቶ፣ ውድድሩን ከረሳሁ በኋላ ነው። ከፊቱ የበረዶ ተራራ አለበት፤ ከጀርባው በእጅ ጽሑፍ "ከኢትዮጵያ ሰማኸኝ?" ይላል፤ ከጥያቄ ምልክቱ አጠገብ ሦስት ቃለ አጋኖ። እማዬ መደርደሪያው ላይ፣ ከቡና ስኒዎቹ ጀርባ አቁማዋለች።